ደመኛ ስሙን ሲያጣ፦ ሰው ወደ ጅምላ ጥቃት የሚገፋው በምንድን ነው?

በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ በእሳት ስትጋይ፣ በካራ ቆሬና በጂሌ ጥሙጋ ሬሳ ሲነሳ፣ በሰሜን ሸዋ ከየቤቱ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» አማራው ስለ ኦሮሞው ጠየቀ፤ ኦሮሞው ስለ አማራው ጠየቀ። የሚጠያየቁት በአንድ ገበያ ሲገበያዩ፣ ሲዋለዱና አበልጅ ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ብዙው ሰው ለራሱ የሰጠው መልስ ደግሞ «ድሮም አውሬዎች ነበሩ» የሚል ሆነ።

መልሱ ለጊዜው ልብ ያሳርፋል፤ ግን ስህተት ነው። ከዚያም በላይ ቀጣዩን ግድያ የሚያዘጋጀው ራሱ ይኸው መልስ ነው። ሰው ጎረቤቱን ወደ መግደል እንዴት እንደሚደርስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በብዙ አገር ተጠንቷል። የተገኘው ነገር የሚያስፈራም ተስፋ የሚሰጥም ስለሆነ፣ እኛ በአካባቢያችን ከምናውቀው ጋር እያገናዘብኩ ላስረዳ።

«ጽንፈኛ» የሚለው ቃል በአገራችን ለፖለቲካ ስድብ ስለዋለ አስቀድሜ የምለውን ልለይ። መንግሥትን መቃወም ጽንፈኝነት አይደለም። ለብሔር መቆርቆር፣ ሃይማኖትን አጥብቆ መያዝ፣ በደልን በአደባባይ መናገርም አይደለም። እዚህ የማነሳው መሣሪያ ያልያዘን ሰው የእነ እገሌ ወገን በመሆኑ ብቻ መግደል፣ ቤቱን ማቃጠል ወይም ከቀዬው መንቀል ይገባል ብሎ ማመንን ነው። ይህ እምነት የአንድ ብሔር፣ የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ድርጅት የግል ንብረት አይደለም። የመንግሥት ልብስ ለብሶም ታይቷል።

የመጀመሪያው ግምት ገዳዮቹ የአእምሮ ሕሙማን ናቸው የሚል ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1942 ናዚ ጀርመን በያዘቻት ፖላንድ፣ ዮዜፎቭ በምትባል መንደር የሆነውን ማወቅ ይህን ግምት ያፈርሳል። ከጀርመኗ የሐምቡርግ ከተማ የመጡ 500 ያህል ተጠባባቂ ፖሊሶች ማለዳ ተሰለፉ። አብዛኞቹ መካከለኛ ዕድሜ ላይ የደረሱ፣ ሚስትና ልጆች ያሏቸው፣ ለጦር ግንባር ዕድሜያቸው ያለፈ ተራ ሠራተኞች ነበሩ። አዛዣቸው እንባ እየተናነቀው የመንደሩን አይሁድ፣ ሴትና ሕፃን ጭምር፣ እንዲረሽኑ መታዘዛቸውን ነገራቸው። ከዚያም ይህን ለማድረግ አልችልም የሚል ካለ ከሰልፉ መውጣት እንደሚችል ፈቀደ። የወጡት 12 ያህል ብቻ ናቸው። በዚያን ቀን 1,500 ገደማ ሰው ተረሸነ። እነዚሁ ሰዎች ይህን ጨምሮ እስከ 1943 መገባደጃ ድረስ ቢያንስ 38,000 ሰው በጥይት ገድለዋል።

ከዓመታት በኋላ በምርመራ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ያቀረቡት ምክንያት ጥላቻ አልነበረም። በጓደኞቻቸው ፊት ፈሪ ተብለው መታየትን አልፈለጉም፤ ከባዱን ሥራ ለሌላው ትቶ መውጣት ነውር መሰላቸው። ሸዋ ውስጥ ላደገ ወንድ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። «ፈሪ» የሚል ስም ከሞት እንደሚከብድ ከልጅነቱ ጀምሮ በፉከራውና በቀረርቶው ተነግሮታል። ጀግንነት ክቡር ነገር ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ትጥቅ በሌለው ሰው ላይ «አልተኩስም» ብሎ ከሰልፍ መውጣት ከመተኮስ የበለጠ ድፍረት እንደሚጠይቅ በዚያች መንደር ታይቷል። ይህን ጀግንነት የሚያወድስ ቀረርቶ ግን እምብዛም አንሰማም።

ሁለተኛው ግምት ድህነትና መሃይምነት ነው። ይህ በግማሽ ብቻ እውነት ነው። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው አላን ክሩገርና ባልደረቦቹ ያደረጉት ጥናት፣ ድሃ ወይም ያልተማረ መሆን ብቻውን ሰውን ወደ ሽብር እንደማይወስድ አሳይቷል። ከራሳችን ታሪክም ይህን እናውቃለን። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን የአገሪቱን ከተሞች በደም ያጠቡት ግድያዎች የታቀዱት ፊደል ባልቆጠሩ ሰዎች አልነበረም፤ በየወገኑ የተማሩ ሰዎች ነበሩበት። በሌላ በኩል የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የስምንት የአፍሪካ አገሮች ጥናት፣ በፈቃዳቸው ወደ ታጣቂ ቡድኖች ከገቡት አንድ አራተኛ ያህሉ ዋና ምክንያታቸው ሥራ ማግኘት እንደነበረ ተናግረዋል። ስለዚህ ሥራ አጥነት በሩን ይከፍታል። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ግን አብዛኛው ሥራ አጥ አይገባም። የሚገባውን የሚገፋው ሌላ ነገር አለ።

ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ቀደምት ጥናት ላይ የዚያ ግፊት መልክ ይታያል። በፈቃዳቸው ወደ ጽንፈኛ ቡድኖች የገቡ አፍሪካውያን የመጨረሻውን እርምጃ ያስወሰዳቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ 71 ከመቶው የጠቀሱት የመንግሥትን ድርጊት ነው፤ የዘመድ ወይም የጓደኛ መገደል፣ የዘመድ ወይም የጓደኛ መታሰር። ይህን ቁጥር ሳነብ ወደ አእምሮዬ የሚመጡት ከወለጋ ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ውስጥ የሚኖሩት ወጣቶች ናቸው። አባቱ ሲገደል ያየ፣ ከዚያ በብርዱ ከተማ በሸራ ስር ተቀምጦ ራሽን የሚጠብቅ፣ አቤት ያለበት ቢሮ ሁሉ ከነገ ወዲያ የሚለው ልጅ የተቀማው ቤቱን ብቻ አይደለም። ሰውነቱን፣ ክብሩን፣ «እኔም አለሁ» የሚልበትን ቦታ ጭምር ነው። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ማንንም አልጎዱም፤ ይህ ሊደነቅ የሚገባው ነገር ነው። ነገር ግን ክብሩን ለተቀማ ሰው አንድ ሰው መጥቶ «ክብርህን የምታስመልስበትን መንገድ እኔ አሳይሃለሁ» ቢለው ጆሮውን እንደሚሰጥ ማንም ሊጠራጠር አይገባም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ቂም ነው። ቂም ግን የጅምላ ግድያ አይደለም። ከቂም ወደ ጅምላ ግድያ የሚያሻግረውን ነገር ለማየት ወደ ለቅሶ ድንኳን መግባት ያስፈልጋል።

ወንድሙ የተገደለበት ወጣት ጋቢውን ተከናንቦ ጥግ ላይ ተቀምጧል እንበል። የእድሩ ድንኳን ሞልቷል። አልቃሿ የሟቹን ስም እየጠራች፣ ቁመናውን እያነሳች፣ እናቱን እየወከለች ታለቅሳለች። ትንሽ ቆይታ ድምፅዋ ወደ ጥጉ ይዞራል፤ ወንድም እያለው ደሙ እንደ ውሃ ፈስሶ መቅረቱን ታነሳለች። ድንኳኑ በእንባ ይናጣል። ልጁ ቀና አይልም። ማንም ሰው «ግደል» አላለውም። ሲወጡ ግን አንድ አጎት ትከሻውን ይዞ «በርታ፤ እንግዲህ ያለኸን አንተ ነህ» ይለዋል። በሣልስቱ ጓደኞቹ ዝም ብለው አብረውት ያመሻሉ፤ ዝምታቸው ግን ይጠይቃል። በሰባተኛው ቀን አንዱ «እኛ ዝግጁ ነን» ይላል።

ይህ ሁሉ አዲስ አይደለም፤ አባቶቻችንም ደም ይቃቡ ነበር። የድሮው ደም መቃባት መልካም ነበር ብዬ አልከራከርም፤ ስንት ቤት ጠፍቶበታል። ነገር ግን አንድ ወሰን ነበረው። ደመኛ ስም ነበረው። ገዳዩ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ ከዚህ መንደር ተብሎ ይታወቃል። ስለሚታወቅም የሚደረግ ነገር አለ። ገዳዩ ከአካባቢው ይሰወራል፤ ዘመዶቹ ሽማግሌ ይልካሉ፤ የሟች ወገን እምቢ ይላል፤ ሽማግሌው ደግሞ ይመላለሳል። በቆላው ወገን፣ ከወሎ ጋር በምንዋሰንበት፣ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን፣ አማራውንና ኦሮሞውን፣ አርጎባውንና አፋሩን በአንድ ጥላ ስር አስቀምጠው ደም ሲያደርቁ ኖረዋል። ካሳ ይቆረጣል፣ መሐላ ይፈጸማል፣ ነገሩ ያልቃል። ሁልጊዜ ባይሳካም መንገዱ ይታወቃል።

ገዳዩ «እገሌ» መሆኑ ቀርቶ «እነርሱ» የሆነ ዕለት ይህ ሁሉ ይፈርሳል። ሽማግሌ ተልኮ የሚሄድበት ቤት የለም። ካሳ የሚከፍል የለም። የሚምል የለም። ከዚያም የከፋው፣ የወንድሙን ገዳይ አይቶት የማያውቅ ልጅ ቂሙን ሊወጣ የሚችልበት ሰው በየሱቁ፣ በየአውቶቡሱ፣ በየእርሻው ይገኛል፤ ያ ሰው ግን ስለ ሟቹ ሰምቶም አያውቅ ይሆናል። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ ስለ ጽንፈኝነት ከተጻፈው ብዙ ነገር ውስጥ ዋናው መጋጠሚያ ይህ ነው። በደሉ እውነት ነው፤ ሐዘኑ እውነት ነው፤ በመካከል የገባው ውሸት የበዳዩን ስም አንስቶ በሕዝብ ስም መተካቱ ነው።

ይህን መተካት የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ሥራቸውም የተለመደ ዘዴ አለው።

ሩዋንዳን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 1994 የፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ተመትቶ ከወደቀ በኋላ በ100 ቀናት ገደማ ውስጥ ብዙ ጊዜ 800,000 ተብሎ የሚገመት ሰው፣ አብዛኛው ከቱትሲ ብሔር፣ በሁቱ ጽንፈኞችና በሁቱ ጎረቤቶቹ እጅ ተጨፈጨፈ። የሁቱ ጽንፈኞች የሬዲዮ ጣቢያ አርቲኤልኤም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ይጠራ እንደነበር ብዙ ሰው ሰምቷል። ስድቡ መዘዝ አለው። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ሙከራ፣ ተማሪዎች ከሌላ ክፍል ያሉ ሰዎች «እንስሳት» ተብለው ሲጠሩ በጆሯቸው ጣል እንዲል ብቻ ተደረገ። ይህን የሰሙት ለእነዚያ ሰዎች የሰጡት የኤሌክትሪክ ንዝረት ቅጣት፣ እንደ ሰው ለተጠሩት ከተሰጠው ይልቅ የበረታ ነበር። አንድ ቃል ብቻ፣ ያውም በጨረፍታ የተሰማ።

ከስድቡ በላይ የሠራው ግን ፍርሃቱ ነው። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪው ስኮት ስትራውስ በሩዋንዳ እስር ቤቶች ውስጥ 210 የተፈረደባቸው ገዳዮችን አነጋግሯል። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ቱትሲ ጎረቤት ነበራቸው፤ ብዙዎቹ ቱትሲ ዘመድም ነበራቸው፤ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ጥላቻ ገፋን ያሉት ጥቂት ናቸው። የገፋቸው ጦርነቱ ያመጣው ፍርሃት፣ «ካልቀደምናቸው ይቀድሙናል» የሚለው ስሌትና የጎረቤትና የሹም ግፊት ነበር። ቡታሬ በተባለው ግዛት ከፍጅቱ በኋላ የተገኘ አንድ የፕሮፓጋንዳ ማስታወሻ ደግሞ ዘዴውን በግልጽ ያስተምራል፤ አንተ ልታደርገው ያሰብከውን ነገር ጠላትህ ሊያደርገው ነው ብለህ ክሰስ ይላል። ይህ ክስ ሰሚውን ገዳይ ሁን አይለውም። ልጆችህን አድን ይለዋል። ሰው ደግሞ ልጆቹን ለማዳን የማያደርገው የለም። ለዚህ ነው ወደ ጅምላ ጥቃት የሚሄደው ሰው ራሱን እንደ ክፉ የማያየው። በራሱ ዓይን ቤቱን የሚከላከል፣ ወገኑን የሚወድ ሰው ነው። ከወገን ፍቅር የሚነሳ በመሆኑም «አትጥላ» የሚለው ስብከት ብቻውን አይደርስበትም።

ዛሬ ሬዲዮውን ስልኩ ተክቶታል። ደብረ ሲና ቡና ቤት ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ወደ ጆሮው ያስጠጋ ሰው ምን እንደሚሰማ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም ደርሶናል። አንዲት ሴት ታለቅሳለች፤ «ከበውናል፣ ድረሱልን፣ እያረዱን ነው» ትላለች፤ ድምፁ ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቃል። የቦታ ስም የለበትም። ቀን የለበትም። ከላኪው በፊት ስንት እጅ እንዳለፈ አይታወቅም። አንዳንዱ እውነተኛ የጣር ድምፅ ነው፤ አንዳንዱ ከሦስት ዓመት በፊት የተቀዳ ነው፤ አንዳንዱ ከሌላ አገር ምስል ጋር የተለጠፈ ነው። ሰሚው ለማጣራት ጊዜ የለውም፤ ዝም ካለ ወገኑን የከዳ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ለአሥር ሰው ያስተላልፋል። ከአሥሩ አንዱ ወንድሙ የሞተበት ልጅ ነው። ድምፁ የነገረው ነገር «እነርሱ» የሚለውን ብቻ ነው። ገዳዩ ማን ነው? ቀበሌው የት ነው? መቼ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ያልመለሰ መልእክት ማስተላለፍ ለሟቾቹ አይጠቅምም። የተበደለ ሰው ስሙ፣ ቦታውና ቀኑ ሲታወቅለት ነው መስካሪም ፈራጅም የሚያገኘው።

አንድ ሰው ግን መልእክት ሰምቶ በነጋታው ክብሪት አያነሳም። ጉዞው ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት እንደመውረድ ነው፤ በየመታጠፊያው ሙቀቱ ጥቂት በጥቂት ይጨምራል፣ ተሳፋሪው ጋቢውን ያወርዳል፣ ኮቱን ያወልቃል፣ መቼ ከብርድ ወደ ሐሩር እንደገባ ግን ለይቶ መናገር አይችልም። መጀመሪያ ቀልድ ላይ ይስቃል። ቀጥሎ ከእነ እገሌ ሱቅ መግዛት ያቆማል። ጎረቤቱ ሲሞት ለቀብር መውጣት ይተዋል። ጥበቃ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ መንገድ በሚዘጉት መካከል ይገኛል፤ ሌሎች ሲደበድቡ ቆሞ ያያል። እያንዳንዱ እርምጃ የቀደመውን ትክክል ለማስመሰል ሌላ ምክንያት ይጠይቃል። የጎዳነው ሰው ጉዳቱ የሚገባው ነው ብለን ማመን ይቀለናል፤ አለዚያ በራሳችን መፍረድ ሊኖርብን ነው። የዘር ፍጅትን ያጠኑት የሥነ ልቦና ምሁር ኧርቪን ስታውብ አጥብቀው ያስተማሩት ይህንኑ ነው፤ ሰው በሚሠራው ሥራ ራሱ ይለወጣል። ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ሱቅ መግዛት ሲቆም፣ ቀብር ሲቀር መነሳት አለበት። መንገድ ከተዘጋ በኋላ ያለው ሥራ የመከላከያና የሐኪም ነው።

ጓደኛ እዚህ ላይ ትልቅ ቦታ አለው። ወደ ታጣቂ ቡድኖች የሚገቡ ሰዎች በአመዛኙ የሚገቡት አስተሳሰቡን አጥንተው፣ ተከራክረው፣ አምነው አይደለም፤ ወንድም፣ ያጎት ልጅ ወይም የትምህርት ቤት ጓደኛ ገብቶ ስለሳባቸው ነው። ፍልስፍናው ከዚያ በኋላ ይማራል። ይህ ነገር በአንድ በኩል ያስፈራል፤ በሌላ በኩል ግን የመመለሻውን በር የሚያሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ስታንሊ ሚልግራም የጀመረው ሙከራ በዓለም ሁሉ ይታወቃል። ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው እያዘዛቸው ከ40 ተራ ሰዎች 26ቱ፣ በሌላው ክፍል ያለው ሰው በሥቃይ እየጮኸ መስሏቸው፣ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ድረስ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚልከውን ማብሪያ ተጭነዋል፤ ንዝረቱ እውነተኛ እንዳልነበረ አያውቁም። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ሌላኛው ዙር ነው። አብረዋቸው የተቀመጡት ሁለት ሰዎች «አንቀጥልም» ብለው እንዲነሱ ሲደረግ፣ እስከ መጨረሻው የሄዱት ከ40 ሰዎች 4ቱ ብቻ ሆኑ።

ይህን ቁጥር አቅልለን ማለፍ የለብንም። የተለወጠው አዛዡም፣ ትእዛዙም፣ የሰዎቹ ጠባይም አይደለም፤ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን አሰሙ፣ ያን ብቻ። በብዙ የሸዋ መንደሮች ውስጥ «ይህ ነገር ትክክል አይደለም» ብሎ በልቡ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ ግን ብቻውን የቀረ ስለሚመስለው ዝም ይላል፣ የእርሱ ዝምታ ደግሞ ለጎረቤቱ እንደ መስማማት ይቆጠራል። የመጀመሪያው ተናጋሪ ዋጋ ሊከፍል ይችላል። ሁለተኛው ወዲያው ከጎኑ ከቆመ ግን ዋጋው ይቀንሳል። ስለዚህ ካህኑና ሼኩ፣ የእድሩ ዳኛና መምህሩ በየፊናቸው ደፋር እስኪሆኑ መጠበቅ የለብንም፤ ቀድመው ተመካክረው በአንድ ቀን፣ በአንድ ድምፅ መናገር ይችላሉ።

ታዲያ አብሮ መኖራችን፣ ቡና መጠራራታችን፣ አበልጅ መሆናችን ለምን አላዳነንም? አሹቶሽ ቫርሽኒ የተባለ ተመራማሪ በሕንድ ስድስት ከተሞችን ሁለት ሁለት እያደረገ አነጻጸረ። በእያንዳንዱ ጥንድ ውስጥ የሂንዱውና የሙስሊሙ ድርሻ ተቀራራቢ ነው፤ አንደኛው ከተማ ግን በተደጋጋሚ በደም ይታጠባል፣ ሌላኛው ሰላም ያድራል። ልዩነቱን ያገኘው በመጎራበት ውስጥ አልነበረም። ሰላም ያደሩት ከተሞች ሁለቱም ወገን በአንድነት የተደራጀባቸው የነጋዴ ማኅበራት፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የሙያ ማኅበራት ነበሯቸው። ወሬ ሲነሳ የማኅበሩ ሰዎች ለየወገናቸው ደውለው ያጣራሉ፤ ከብጥብጡ የሚከስሩት በጋራ ስለሆነ በጋራ ይቆማሉ። መልካም ጉርብትና ብቻውን ግን የተደራጀ ጠብ አጫሪ ሲመጣበት ይንበረከካል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ከደጋው እህል፣ ከቆላው ከብትና ግመል የሚገናኝበት የሰንበቴ ገበያ አለን። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን ሬሳ የሚያነሳበት ቅሬ አለን። ጥያቄው እነዚህ ዛሬም ድብልቅ ናቸው ወይ የሚለው ነው። ከብጥብጡ ወዲህ እድሩ በብሔር የተከፈለበት፣ የነጋዴው ማኅበር በሃይማኖት የተለየበት፣ ትራንስፖርቱ እንኳ በወገን የተመደበበት ቦታ ካለ፣ ቀጣዩ ብጥብጥ የሚያገኘው ያልታጠረ ሜዳ ነው። የጋራ ማኅበር መልሶ ማቋቋም እንደ ሰላም ኮንፈረንስ ለካሜራ አይመችም፤ አበልና ባነርም የለውም። እኔ ግን ለአሥር ኮንፈረንስ አንድ የተደባለቀ ቅሬ አልሰጥም።

ፍትሕም የስም ጉዳይ ነው። ሩዋንዳ ጋቻቻ የተባሉትን የመንደር ችሎቶች በመላ አገሪቱ እ.ኤ.አ. እስከ 2012 አካሂዳ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ጉዳዮችን አይታለች። ጉድለታቸው ብዙ ነው፤ ተከሳሾች ጠበቃ አልነበራቸውም፣ በጦርነቱ አሸንፎ ሥልጣን የያዘው ጦር የፈጸመው ግድያም አልቀረበባቸውም። አንድ ነገር ግን ሠርተዋል፤ በየኮረብታው ማን ማንን የት እንደገደለ በስም እንዲነገር አድርገዋል። በእኛ አካባቢ ለተፈጸሙት ግድያዎችና ቃጠሎዎች በሁሉም ወገን ስም ያላቸው ተጠርጣሪዎች ስም ባላቸው ሟቾች ፊት እስካልቆሙ ድረስ፣ ከሳሽ የሚሆነው ሕዝብ፣ ተከሳሽ የሚሆነውም ሕዝብ ነው።

በመጨረሻ፣ ቤት ውስጥ ያለው ልጅ ወደዚያ እየሄደ ከሆነ ምን ይደረጋል? ምልክቱ ቁጣ ብቻ አይደለም፤ የተቆጣ ሰው ሁሉ አይገድልም። ልብ መባል ያለበት ከቀድሞ ጓደኞቹ አንድ በአንድ መቆራረጡ፣ ስለ ሌላው ወገን ሲናገር ግለሰብ መጥራት ማቆሙ፣ ስለ ሞቱ ወይም ስለ ታላቅ ቀን በእንቆቅልሽ መናገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 2000 በትምህርት ቤቶች ላይ የተፈጸሙ 37 ጥቃቶች ተመርምረው፣ በ81 ከመቶው ቢያንስ አንድ ሰው አስቀድሞ ያውቅ እንደነበር ተረጋግጧል። የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ጓደኛ ወይም ወንድም ነው፤ አልተናገረም እንጂ ሰምቶ ነበር።

ከጽንፈኛ ቡድኖች ወጥተው የተመለሱ ሰዎች እንደሚናገሩት፣ ክርክር እምብዛም አልመለሳቸውም። የመለሳቸው የመሪዎቻቸውን ግብዝነት ማየት፣ ድካምና ከውጭ ያልተዋቸው አንድ ሰው መኖሩ ነው። ስለዚህ እናት ልጄ አይደለህም ብላ በሩን አትዝጋ። አጎቱ የወንድሙን ሞት አታንሳ አይበለው፤ ያንሳው፣ ይስማው፣ ግን «የገደለው ማን ነው?» ብሎ ደጋግሞ ይጠይቀው። ለዚህ ጥያቄ ስም ካለው ለሽማግሌና ለፍርድ ቤት የሚሆን ነገር አለ፤ ስም ከሌለው ሊገድል የተነሳው ምንም ያላደረገውን ሰው መሆኑን ራሱ ይስማው። ወሬው ቀን፣ ቦታና መሣሪያ መጥራት ላይ ከደረሰ ግን የቤተሰብ ምክር አልፎበታል። በዚያን ጊዜ ለሕግ ማሳወቅ ይገባል። ሕግ ሩቅ በሆነበት ወይም በማይታመንበት ቀበሌ ደግሞ ሊጎዳ ለታሰበው ወገን በሽማግሌዎች በኩል በዚያኑ ሌሊት መልእክት ይላካል፤ ለዚህ የሚሆኑ፣ ከሁለቱም ወገን የሚታመኑ ሁለት ሦስት ሰዎችና ስልክ ቁጥራቸው በየቀበሌው አስቀድመው መታወቅ አለባቸው።